አንደኛ ያወጣነው ዘፈን ታማሚዋን ከአዳራሽ አስወጣት፤ የጤና ሙዚቃ ውድድር እንዴት ይዳኝ?

መነሻ ጽሑፍ

ሀዋሳ ውስጥ በአንድ የወጣቶች ማዕከል በተካሄደ የሙዚቃ ውድድር ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ነበርሁ። ሥራዬ ክራር ማስተማር ነው። የውድድሩ ርእስ የሳንባ ነቀርሳ ሲሆን፣ ልጆቹ በቡድን ሆነው ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው ሠርተው እንዲያቀርቡ ነበር የተጠየቁት። አዳራሹ ሞልቶ ወንበር ያጣው ሰው በመስኮት ተንጠልጥሎ ያይ ነበር።

አንደኛ የወጣው ቡድን በእውነት ጎበዝ ነው። ድምፃዊቷ በትዝታ ቅኝት ቀስ ብላ ጀመረች፤ አዝማቹ ላይ ከበሮው ገብቶ ፈጠን ሲል ያላጨበጨበ ሰው አልነበረም፤ እኔም ከወንበሬ ተነሥቻለሁ። የአዝማቹ ሐሳብ ባጭሩ ከሚያስል ሰው ራቁ፣ ዕቃውን ለዩ፣ ደጃፉን አትርገጡ የሚል ነው። ቃሉ ቤት ይመታል፤ ዜማው በአንድ ጊዜ ይያዛል። ሁለተኛ ሲደገም አዳራሹ በሙሉ ይቀበል ጀመር።

ከፊት ረድፍ ጫፍ አንዲት ወጣት ተቀምጣ ነበር፤ ከፋብሪካ በቀጥታ እንደመጣች የሥራ ልብሷ ይናገራል። አዝማቹ መጀመሪያ ሲመጣ ታጨበጭብ ነበር። በሁለተኛው እጇ ቆመ። በሦስተኛው ሻርፗን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ አጠገቧ ላለችው ጓደኛዋ ምንም ሳትናገር፣ በሰዎች ጉልበት መካከል እየተሹለከለከች ወጣች። ውድድሩ ሲያልቅ በር ላይ ጓደኛዋን ስትጠብቅ አገኘኋት። ደኅና ነሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። መድኃኒት ከጀመረች ሦስተኛ ወሯ እንደሆነ፣ ለጓደኛዋ ግን እንዳልነገረቻት በዝግታ ነገረችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

ለዚያ ዘፈን ከመቶ ዘጠና አንድ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ስለ ጤና በሚደረግ ውድድር የተሳሳተ መልእክት የያዘ ዘፈን፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አንደኛ መውጣት አለበት ወይ? ካልሆነስ እውነትነቱን ማን ይመዝን፣ በስንት ነጥብ? የእኔን ሐሳብ አልደብቅም፦ ከመቶው ሠላሳው ለመልእክቱ ትክክለኛነት ይሰጥ፣ ከዳኞቹም አንዱ የጤና ባለሙያ ይሁን እላለሁ።

(የውይይቱ ክር ስለረዘመ፣ ዘግይታችሁ የመጣችሁ እንዳትቸገሩ ምላሾቹን እንደ አመጣጣቸው አሳጥሬ ከዚህ በታች አስፍሬያቸዋለሁ። ስድቡን ትቻለሁ፤ ሐሳቡን ግን ከነቁጣው አኑሬዋለሁ።)

1ኛ ምላሽ። የመጀመሪያዋ መላሽ መምህርት ናት። ከሰላምታና ከምስጋና ጀምራ፣ በአንድ ስሕተት ምክንያት ውድድሩን ራሱን እንዳንጥለው ተማጠነች። በ1990ዎቹ ተማሪ ሳለች የትምህርት ቤታቸው ፀረ ኤድስ ክበብ በዕረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያ የሚያሰማውን መዝሙር እስከ ዛሬ ድስት ስትጥድ ታንጎራጉረዋለች። ዜማውን በሙሉ፣ ግጥሙን ደግሞ ግማሹን ታስታውሳለች። ተጠንቀቁ ይል እንደነበር አትረሳም፤ ከምንና እንዴት እንደሚጠነቀቁ ግን መዝሙሩ ነግሯት እንደሆነ ትዝ አይላትም። ይህን የጻፈችው ለውድድሩ ጥብቅና ቆማ ነው። እኔ ግን ሳነበው ደነገጥሁ፤ ሃያ ዓመት የዘለቀ ዜማ ያን ሁሉ ጊዜ ባዶውን መኖሩ ያሳዝናል።

2ኛ ምላሽ። ሁለተኛዋ በጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት፤ ክሩን እስከ መጨረሻው የተሸከመችው እርሷ ናት ብል አላጋነንሁም። አዝማቹን ስንኝ በስንኝ ይዛ አረመችው። በሽታው የሚተላለፈው በአየር ነው፦ ነቀርሳው ሳንባው ላይ ያለና ሕክምና ያልጀመረ ሰው በታፈነ ክፍል ውስጥ ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲናገር። በሳህን፣ በማንኪያ፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም፤ ስለዚህ ዕቃ ለዩ የሚለው ስንኝ ሰው ከማዋረድ ሌላ ጥቅም የለውም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ሰው አክታውን ማስመርመር አለበት። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ለተለመደው ዓይነት ስድስት ወር ይፈጃል፤ ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀጥሎ አራት ወር ሁለት ዓይነት። መድኃኒቱ የሠራለትና በአግባቡ የሚወስድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማስተላለፉን ያቆማል።

ከዚያ ቀጥላ የጻፈችው ከአእምሮዬ አልወጣም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሊያሰጋን ይገባ የነበረው ሦስተኛ ወሯ ላይ ያለችው ልጅ አልነበረችም። የሚያሰጋው ወር ሙሉ እያሳለ ብርድ ነው፣ ያልፋል እያለ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እየጠጣ የተቀመጠው ሰው ነው፤ እርሱ ደግሞ አዝማቹን ከሁሉም በላይ ጮኾ እየተቀበለ ሊሆን ይችላል። ራቁ የሚል ዘፈን የሰማ ሰው ሳሉን ይደብቃል እንጂ ሊመረመር አይሄድም። ክፍሏ መጥተው መጀመሪያ የሚጠይቋት ስለ መድኃኒቱ ሳይሆን ጎረቤት ያየኛል ወይ ብለው እንደሆነ ነገረችን።

3ኛ ምላሽ። ብዙ መድረክ ያዘጋጀ ሰው ይመስላል፤ በጨዋነት ተቃወመኝ። ልጆቹ አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነው። ለትክክለኛነት ሠላሳ ነጥብ የቆረጥህባቸው ጊዜ ግጥሙ በራሪ ወረቀት ይሆናል፤ እነርሱም ለሚቀጥለው ዓመት አይመዘገቡም አለ። ዘፈን መጀመሪያ ዘፈን ካልሆነ ማንም አይሰማውም፣ ያልተሰማ እውነት ደግሞ ማንንም አያድንም ሲል ደመደመ። የመጨረሻውን ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። አደራውን ግን ልጆቹ ላይ ብቻ የሚጥለው መሰለኝ።

4ኛ ምላሽ። ይህኛው ነገሩን ገለበጠው። ጸሐፊው ከአሸናፊው ቡድን አባላት አንዱ ነው፤ ከበሮ መቺው እንደሆነ ኋላ ገልጿል። ርእሱ የተነገራቸው ከውድድሩ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ስለ በሽታው የሚያስረዳቸው ሰው አልተመደበላቸውም። የተሰጣቸው አንድ ገጽ ወረቀት ሲሆን፣ በወረቀቱ ሦስተኛ ነጥብ ላይ ከሚያስል ሰው መራቅ እንደሚገባ በደማቁ ተጽፏል። እነርሱ ያደረጉት የተባሉትን ቤት አስመትተው መዝፈን ነው። ታዲያ ተሳሳቱ ተብለው በአደባባይ የሚወቀሱት ለምንድን ነው? ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ አያይዞታል።

ወረቀቱ እኔም ቤት ነበር። ፈልጌ አወጣሁት። ልጁ ያለው ሁሉ አለበት። ሦስታችንም ዳኞች ከውድድሩ በፊት እጃችን ገብቶ ሳናነበው ነው ወንበር ላይ የተቀመጥነው።

5ኛ ምላሽ። አጭርና ስለታም ነው። ያን ዕለት ማይክራፎኑ በእጅህ ነበር፤ ለምን አልተናገርህም? ደግሞስ የልጅቷን ምሥጢር እዚህ ማውጣት ምን ይባላል? ሀዋሳ ትልቅ ከተማ ትሁን እንጂ የአንድ አዳራሽ ሰው ይተዋወቃል አለኝ።

6ኛ ምላሽ የእኔ ነው። ስለ ልጅቷ፦ ልብሷን፣ የተቀመጠችበትንና የመጣችበትን ሁኔታ ለውጬ ነው የጻፍሁት፤ ዘፈኑን ሰምታ መውጣቷና በር ላይ የነገረችኝ ብቻ እንዳለ ነው። ስለ ዝምታዬ ግን የምሰጠው ምክንያት የለኝም። ያን ዕለት የነጥብ መስጫው ወረቀት ድምፅ አርባ፣ ግጥምና ዜማ ሠላሳ፣ የመድረክ አቀራረብ ሃያ፣ አለባበስ አሥር ይል ነበር። ስለ አለባበስ አሥር ነጥብ አስቦ ስለ እውነት አንድም ያላሰበ ወረቀት ፊቴ ላይ ተቀምጦ ምንም አልሸተተኝም። በር ላይ ልጅቷን ካነጋገርሁ በኋላ ወደ ውስጥ ተመልሼ መናገር እችል ነበር። ዋንጫው ተሰጥቶ ልጆቹ ፎቶ ይነሡ ነበር፤ ደስታቸውን ማበላሸት አልሆነልኝም። ይህን ጽፌ ከበሮ መቺውንም ይቅርታ ጠየቅሁት።

7ኛ ምላሽ። ሁላችንም ጋሼ ያልናቸው አንድ አዛውንት ገቡ። ራቁ የሚለውን ዘፈን ከዚህ በፊት በሌላ በሽታ ሰምተነዋል ሲሉ ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በአገራችን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የራስ ቅል ነበር፤ መልእክቱም ሞት ብቻ ነበር። እርሳቸው የዕድር ዳኛ ሳሉ አንድ ወጣት ሞቶ ድንኳን ተተክሎ፣ ሬሳውን የሚገንዝ ሰው ጠፍቶ እስከ ቀትር ድረስ መቀመጣቸውን አይረሱም። በመጨረሻ እናቱና እርሳቸው ገነዙት። ያን ጊዜ የመጣው ሕዝብ ክፉ አልነበረም፤ የተማረውን ነው ያደረገው አሉ። ኋላ ድምፃውያን ተሰባስበው መገለልን የሚቃወሙ መዝሙሮች ማውጣት ሲጀምሩ፣ በሬዲዮም ተከታታይ ድራማ ሲመጣ፣ ሰው ቀስ በቀስ ስለ በሽታው በቡና ላይ ማውራት ቻለ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ ሲመጣ ደግሞ ተመርመሩ የሚለው ቃል መጀመሪያ ጊዜ ትርጉም አገኘ፤ ከዚያ በፊት የተመረመረ ሰው የሚያገኘው ወሬ ብቻ ነበርና።

8ኛ ምላሽ። ጋሼን በአክብሮት አረማቸው፦ የፀረ ኤድስ መድኃኒት በአገራችን መሰጠት የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን ያን ጊዜ በክፍያ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው በነፃ መስጠቱ ነው። ጋሼም ወዲያው ተቀበሉት፤ የእርሳቸው ሰፈር ሰው መግዛት የሚችል ስላልነበረ መጣ የሚሉት በነፃ የሆነ ዕለት እንደሆነ ጨመሩ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

9ኛና 10ኛ ምላሾች። ዘጠነኛው በቁጣ መጣ። እንዲህ ያለው ነገር ሁሉ የውጭ ገንዘብ ማጥፊያ ነው ብሎ «የኛ» የተባለውን የሴት ልጆች ሙዚቃና የሬዲዮ ድራማ ሥራ በምሳሌነት አነሣ። በ2005 ዓ.ም. ሲጀመር ገንዘቡ በአመዛኙ የእንግሊዝ መንግሥት ነበር፤ የእንግሊዝ ጋዜጦች ለዘፈን ቡድን ይህን ያህል ገንዘብ እንዴት ይወጣል ብለው ሲጮኹ በ2009 ዓ.ም. ድጋፉ ተቋረጠ። ለእርሱ ይህ በቂ ማስረጃ ነው። አሥረኛዋ መላሽ አልለቀቀችውም። ድጋፉ የተቋረጠው በሎንዶን ፖለቲካ እንጂ እዚህ ያሉ ልጃገረዶች አንሰማም ስላሉ አይደለም። እርሷና እኅቷ ከትምህርት ቤት እየሮጡ መጥተው ሬዲዮኑን ይከፍቱ ነበር፤ ያለዕድሜ ጋብቻን በተመለከተ አባቷን ፊት ለፊት መከራከር የቻለችው በዚያ ዓመት ነው። ለእኔ ከገንዘቡ ክርክር ይልቅ የጠቀመኝ እርሷ ያነሣችው ሌላ ነገር ነው፦ ዘፈኑ ብቻውን አልነበረም፤ ከድራማው ታሪክ ጋር ተያይዞ ስለነበር ስለምን እንደሚዘፈን ሰሚው አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

11ኛ ምላሽ። የሲዳማ ተወላጅ የሆነ ወንድማችን ያልተነካውን ነካው። በዚያ ውድድር የቀረቡት ዘፈኖች በሙሉ በአማርኛ ነበሩ። ሀዋሳ ገበያ አትክልት የምትሸጠው እናት፣ ከገጠር ቀበሌ መጥታ ፋብሪካ የገባችው ልጅ ልቧ የሚሰማው የሲዳማ ቋንቋ፣ ሲዳሙ አፎ ነው። ለመሆኑ ምክርን በዜማ ማስተላለፍ ማን አስተማረን? በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፊቼ ጨምበላላ ጊዜ የበዓሉ ሜዳ ወደሆነው ጉዱማሌ ሄዶ የቄጣላን ጭፈራ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሺው ይቀበላል፣ የዓመቱ ጥፋትና ልማት ሁሉ በዜማ ይነገራል። አባቶች ተነሥተው ታላላቆቻችሁን አክብሩ፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ፣ አትስነፉ፣ በሐሰት አትመስክሩ ይላሉ። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበውም ከነዚህ ሁሉ ጋር ነው። ታዲያ አውራ ጎዳናውን ትተን ጥሻ ለጥሻ የምንሄደው ለምንድን ነው ሲል ጠየቀ።

እኔ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ከእርሱ ጋር ነኝ። ክራር የማስተምራቸው ልጆች ግማሾቹ ቤታቸው የሚያወሩት በሲዳሙ አፎ ነው፤ ግጥም ጻፉ ስላቸው ግን ሁሉም በአማርኛ ይጽፋሉ፤ መድረክ የአማርኛ ነው ብለው ስለሚያስቡ ነው። ከልክያቸው አላውቅም፤ ጻፉ ብዬም አላውቅም።

12ኛና 13ኛ ምላሾች። አሥራ ሁለተኛው ለአሥራ አንደኛው የመለሰው ከበሽታው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ቋንቋ ካነሣህ ፖለቲካ ነው ከሚል ተነሥቶ ወደማይነገር ቦታ ሄደ። አሥራ ሦስተኛው ደግሞ በዚያው ቋንቋ መለሰለት። አወያዩ ሁለቱንም ሰርዞ ስለ ሳንባ ነቀርሳ የማይናገር እንዳይጽፍ አስጠነቀቀ። ነርሷ በመሐል ገብታ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ መድኃኒት ስለመውሰድ በሲዳሙ አፎ የምታስረዳላት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ እርሷ ዕረፍት በወጣች ሳምንት ሰው ተሳስቶ እንዳይሄድ ትሰጋለች። ከዚያ በኋላ ስለ ቋንቋ የተከራከረ አልነበረም።

14ኛ ምላሽ። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። ሀዋሳ ከሆነ ስለ ቢልሃርዚያም ይዘፈን አለ፤ በሐይቁ ዳር ያለ በሽታ ነው። ግን ወደ ውኃ አትግቡ የሚል ዘፈን እንዳይመጣ ለመነ። አባቱ በየቀኑ ጎሕ ሳይቀድ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ መረብ ይስባል፤ አትግባ ቢሉት ማታ ምን ይዞ ይገባል? በሽታውን የሚያመጣው ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ውኃው ይወጣና በሰው ቆዳ ይገባል። ወደ ቀንድ አውጣው የሚደርሰው ደግሞ ሰው በሐይቁ ዳር ሲጸዳዳ ነው። ስለዚህ ስለ መጸዳጃ ቤት ይዘፈን፤ መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ የሚዋጥ ክኒን እንደሆነም ይነገር። ይህ ከተጻፉት ምላሾች ሁሉ በጣም ያስተማረኝ ነው። ራቁ ማለት ለሚናገረው ይቀልለዋል፤ ኑሮው እዚያው ለሆነ ሰው ግን ምክር አይሆነውም።

15ኛ፣ 16ኛና 17ኛ ምላሾች። ዓሣ ከተነሣ ሀዋሳ ላይ ሌላ ወሬ አይኖርም። አንዷ በሐይቁ ዳር ባለው የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚበላው ጥሬ ዓሣ ቢልሃርዚያ ያመጣ እንደሆነ ጠየቀች። ነርሷ ቢልሃርዚያ በመብላት እንደማይመጣ፣ ሆኖም በጥሬ ዓሣ የሚተላለፉ ሌሎች ትሎች እንዳሉ፣ በደንብ ማብሰል ወይም ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ ላይ ለሰባት ቀን ማቀዝቀዝ እንደሚገድላቸው አስረዳች። አሥራ ስድስተኛው ተቆጣ፤ የአባቶቻችንን ምግብ ተዉልን፣ ከዳጣ ጋር እየበላሁ ሃምሳ ዓመት ሞላኝ አለ። አሥራ ሰባተኛው ደግሞ ጥሩው ዓሣ የሚገኘው በስንት ሰዓት እንደሆነና ከየትኛው ጀልባ እንደሚገዛ በዝርዝር ጻፈ። አወያዩ ይህን አልሰረዘውም፤ እኔም ባይሰርዘው ደስ ብሎኛል።

18ኛ ምላሽ። የታክሲ ሾፌር ነው፤ ወደ ነገሩ መለሰን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ስልክ በደወልን ቁጥር በጥሪ ድምፁ ፈንታ የጥንቃቄ መልእክት ይሰማ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሁሉም ከልብ ሰማው። ቆይቶ ግን ሰው ስልኩን ከጆሮው አርቆ መልእክቱ እስኪያልቅ ይጠብቅ ጀመር። ጥሩ ቃል ያለ ልክ ሲደጋገም እንደዚያ ይሆናል አለ። ቀጥሎ ያነሣው ግን ወርቅ ነው። በታክሲው ውስጥ በየቀኑ ጠብ የሚነሣው በመስኮት ነው፤ አንዱ ሲከፍት ሌላው ብርድ መታኝ ብሎ ይዘጋል፤ ሕፃን የያዘች እናት ካለችማ መክፈት ኃጢአት ነው። ኮሮና ጊዜ ተከፍቶ የነበረው መስኮት ኮሮና ሲረሳ ተመልሶ ተዘጋ። በሽታው በታፈነ አየር የሚተላለፍ ከሆነ መስኮት ክፈቱ የሚል አንድ ጥሩ ዘፈን ቢሰጡት ከጠዋት እስከ ማታ እንደሚያጫውተው ቃል ገባ። ነርሷ በደስታ ደገፈችው፤ ከምክሮቿ ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቀውና የማይሰማው ይኸው ነው አለች።

19ኛ ምላሽ። ይህችን ጸሐፊ በአዳራሹ የነበረችው ናት ብላችሁ እንዳታስቡ፤ እርሷም አስቀድማ አይደለሁም ብላለች። ከአራት ሠራተኞች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ሳለ ታመመች። መታመሟን የነገረቻቸው ዕለት ማታ ማንኪያዋ ከሌላው ተለይቶ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ብቻውን ቆሞ አገኘችው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። ማንኪያው ብቻ ነው የተናገረው። መድኃኒት በጀመረች በማግሥቱ ሽንቷ እንደ ሚሪንዳ ብርቱካንማ ሆኖ ስታየው ደም መስሏት፣ መድኃኒቱ ውስጤን ቆረጠው ብላ ሁለት ቀን አቆመች። የሚሰጡት ሰዎች አስቀድመው አልነገሯትም፤ ወይም ነግረዋት በድንጋጤ አልሰማችም። ከአራቱ አንደኛዋ ናት ይዛት ወደ ጤና ጣቢያ የተመለሰችው። የመድኃኒቱ ቀለም እንደሆነና ጉዳት እንደሌለው ሲነገራት በር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያቺው ልጅ ከዚያ ወዲያ እስከ ስድስተኛው ወር ድረስ በየማለዳው ውኃ ቀድታ ክኒኑን ታቀርብላት ነበር። ማንኪያዋንም ሳትናገር ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለችው።

ለልጆቹ ያላት መልእክት አጭር ነው። ስለ ታማሚው ብቻ አትዝፈኑ፤ አብሮት ስለሚኖረው ሰውም ዝፈኑ። ደግሞ ስለ ሽንቱ ቀለም ሳታፍሩ ንገሩ፤ አንድ ሰው ብቻ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ቢያደርግ በቂ ነው።

20ኛ ምላሽ። ነርሷ፣ አሥራ ዘጠነኛዋ መላሽ ያለችው ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋገጠች፤ ቀለሙ ሪፋምፒሲን ከተባለው መድኃኒት እንደሚመጣ ጨመረች። ቀጥሎም ለእኔ ጻፈች። ዳኛ መሆን አትፈልግም። በውድድሩ ቀን ተቀምጣ ነጥብ ብትቆርጥ ልጆቹ የሚማሩት መሸነፍን ነው። ግጥሙ ሲጻፍ አብራቸው ሁለት ከሰዓት ብትቀመጥ ግን በኋላ የሚቆረጥ ነጥብ አይኖርም አለች።

ሠላሳ ነጥብ ያልሁት ሐሳብ በዚህ ወደቀ፤ እኔም አልተከራከርሁለትም። ሦስተኛው መላሽ የተሟገተለትም፣ ከበሮ መቺው የተቆጣበትም በአንድ ጊዜ ተመለሰ። ርእሱ ቢያንስ ወር ቀደም ብሎ ይነገር፤ ባለሙያ ከልጆቹ ጋር በግጥሙ ጊዜ ይቀመጥ፤ የተሳሳተ ስንኝ ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ይታረም፤ በመድረኩ ቀን ዳኛው ስለ ሙዚቃው ይዳኝ። ለአዘጋጆቹ በደብዳቤ የማቀርበው ይህን ነው፤ ከሲዳሙ አፎ ጥያቄ ጋር።

21ኛ ምላሽ። ከበሮ መቺው ተመልሶ መጣ። ቡድኑ ተሰብስቦ ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቧል። ዜማውን አልነኩትም፤ አዝማቹን ግን ከሥሩ ነቅለው ሁለት ሳምንት የሳለ ወደ ምርመራ፣ መስኮት ይከፈት፣ ማንኪያው ይቀላቀል በሚል ሐሳብ ሠርተውታል። አንድ ስንኝ ስድስት ስድስት የግጥም ቀለም አልሞላ ብሏቸው ሌሊቱን ሲሟገቱ አድረዋል። የብርቱካን ቀለሙን በሁለተኛው አንቀጽ አስገብተውታል፤ ድምፃዊቷ መጀመሪያ አፍራ ኋላ እርሷ ራሷ ናት ያሳመረችው። ሁለት የሲዳሙ አፎ አንቀጾች አሥራ አንደኛው መላሽ እንዲያያቸው ልከውለታል። ነርሷ አንድ ቃል ብቻ አስተካክላለች፦ በሽተኛ የሚለውን አውጥታ በመታከም ላይ ያለ የሚለውን አስገብታለች። ቤቱን ስላበላሸ ተከራክረዋት ተሸንፈዋል።

ሐሙስ ጠዋት በጤና ጣቢያው ግቢ፣ ሰው ተራ በሚጠብቅበት ጥላ ሥር ሊዘፍኑት ፈቃድ አግኝተዋል። የግቢው ኤሌክትሪክ እዚያ ድረስ ስለማይደርስ ኦርጋኑ አይሠራም፤ የቡድኑ ከበሮ ደግሞ ከማዕከሉ ውጭ አይወጣም ተብለዋል። ሾፌሩ ልጆቹን በነፃ አደርሳለሁ ብሏል። እኔ ክራሬን ይዤ እመጣለሁ፤ ክራር ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ከበሮ ያለው ሰው ግን እስከ ረቡዕ ማታ ከዚህ በታች ይጻፍልን።